ከጋቢው ስር የነበረው እጅ

እትዬ ወለላ ተቀምጣ ሞተች ሲሉኝ አላመንኩም።

ወሬውን ያመጣልኝ ከአሊዩ አምባ አሞሌ ጨው ጭኖ እንጦጦ የወጣው ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ነው። አራቱንም ልጆቹን ያዋለደችለት እሷ ስለሆነች፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግረኝ ብሎ በቅሎዎቹን ሳያራግፍ ደጄ ድረስ መጣ።

“አስካለ፣ ወለላ ወደ አኼራ ሄደች” አለኝ። “ኢና ሊላሂ። ደጃፏ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ነው ያገኟት።”

“ቁጭ እንዳለች ከሆነ ሌላ ሴት ናት” አልኩት።

“ምን ነካሽ! እኔ ወለላን ላጣት ነው?”

እውነቱን ነው፤ አያጣትም። እሱ በቅሎዎቹን ሊያራግፍ ሄደ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ የያዝኩትን እየጣልኩ፣ የጣልኩትን እያነሳሁ ቤቴ ውስጥ ስዞር ሰነበትኩ። አባቴ የደብር ቄስ ነበርና ፊደል አስቆጥሮኛል። አላስለቅስ ያለኝ ነገር ሲገጥመኝ እጽፋለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ከእሷ ጋር በኖርኩበት ሰባት ዓመት ውስጥ እትዬ ወለላ ቁጭ ብላ ስትበላ ያየኋት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ቆማ ትጎርሳለች፤ ቆማ ትጠጣለች፤ እንዝርቷን እያሾረች ከጓሮ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ ትመላለሳለች። ቤቷ አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ አፋፉ ላይ ስለሆነ ቆላው ወለል ብሎ ይታያታል። በዚያ መንገድ የሚቸኩል ሰው ሲወጣ ካየች፣ ገና ማንነቱ ሳይለይ ነጠላዋን ታደገድጋለች። “አረፍ በይ እንጂ” ሲሏት “ልጅ ቀጠሮ አያከብርም” ትላለች። እኔን የመሰለ ዝምተኛ ሰው እንኳ ከእሷ ጋር ውሎ ሲያድር እግሩን ይበላው ጀመር።

ምጥ ቤት ስትገባ ግን እንደ ጉልቻ ትቀመጣለች። ድምጿ ይወርዳል። ሴቶቹ “ማርያም፣ ማርያም” እያሉ ሲንጫጩ እሷ ምጥ የያዛትን ሴት ብቻ እያየች በለሆሳስ ታወራታለች፤ ስለ ከብቷ፣ ስለ እህሏ፣ ስለ ባሏ ስንፍና። የምታምጠው ሴት በጣር መሃል ስትስቅ ሰምቻለሁ።

“አንቱ” እንዳልላት የከለከለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። “እንትኑን ያቀብሉኝ፣ እንትኑን ይያዙልኝ እያልሽ አንቱታሽን ስትጨርሺ ልጁ ይወለዳል” አለችኝ። በዚያው “አንቺ” እንዳልኳት ቀረሁ።

ዓርብ ዓርብ አሊዩ አምባ ገበያ ትወርዳለች። እዚያ የእስላሞቹን ሚስቶች ታዋልዳለች፤ ሥጋቸውን ስለማትበላ ተምር ያቀርቡላታል። “አንቺ መርየምን ጥሪ፣ እኛም ረቢን እንለምናለን፤ መርየም የኛም ናት” ይሏታል። ወደ ላይ ስትመለስ ደግሞ ከካህናቱ ጋር ጭቅጭቅ ነው። “የእስላም ቤት አራስ ስትነካኪ ውለሽ መጣሽ” ሲሏት “ማህፀን ማተብ የለውም፤ ማንን ልጠይቅ?” ትላለች። ከአንዷ አራስ ሳትነጻ ሌላዋ ስለምትጠራት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ የሰማችው ከቅጥር ውጭ ቆማ ነው። ወንድሜ ቄስ ገብሬ አንድ ቀን ሊገስጻት ቢሞክር “እመቤታችንስ የወለደችው በረት አይደል እንዴ?” ብላው ጥላው ሄደች። ወንድሜ ያን ቀን እራቱን በኩርፊያ ነው የበላው።

እኔን ያገኘችኝ እዚያው ወንድሜ ቤት ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ አምስት ዓመት ሳልወልድ ቆይቼ፣ ባሌ “መካን ናት” ብሎ መልሶኝ ነበር። እሷ የወንድሜን ሚስት ልታዋልድ መጥታ ውሃ ሳቀብላት እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው። “ቀጭን እጅ፣ ረጅም ጣት። ይቺን ስጡኝ” አለች። ወንድሜ አንድ አፍ ስለሚቀንስለት ደስ አለው። ጎረቤቶቹ ግን ሳቁ፤ “ያልወለደች አዋላጅ! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው” አሉ።

“በቅሎም አትወልድም” አለቻቸው እትዬ ወለላ። “መንገዱን ግን ከፈረስ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።”

በቅሎ መባሌ ይክፋኝ ወይም ደስ ይበለኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

የአዋላጅነት ትምህርት ማለቂያ አለው። አስተማሪዋ ሴቶች በተሰበሰቡበት ምጥ ቤት፣ እትብት የምትቆርጥበትን ምላጭ ለተማሪዋ ትሰጥና “ደርሳለች፤ ከእንግዲህ እሷን ጥሯት” ትላለች። ይህን ቃል ሴቶቹ በየሰፈሩ ያደርሱታል። ከዚያ በኋላ ተማሪዋ ቤቷ ሆና መጠራትን ትጠብቃለች። ቃሉ ካልተባለ ግን እጅሽ ወርቅ ቢሆን ደጅሽን የሚመታ የለም። ሄዶ ሥራ መጠየቅማ አይነሳም፤ ሳትጠራ እርጉዝ ሴት ደጅ የታየች አዋላጅ ሟርት ይዛ መጣች ይባላል። እኔ አምስት ዓመት ከተማርኩ በኋላ ያን ቃል መጠበቅ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ምድጃው ላይ የሚፍለቀለቀውን ማሰሮ በባዶ እጇ ጆሮውን ይዛ አወረደችው። ቆዳ ሲቃጠል ሸተተኝና ጮህኩ። እሷ ማሰሮውን ቀስ አድርጋ ካስቀመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞራ “ምን ሆንሽ?” አለችኝ።

መዳፏን አሳየኋት። እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

“ጣቶቼ ከደነዘዙ ዓመት ሊሞላቸው ነው” አለች ቆይታ። “ራስ ይሁን እግር መለየት አቅቶኛል። ለማንም እንዳትናገሪ። ቁምጥና ነው ብለው ከሰው ያወጡኛል።”

ቁምጥና አልነበረም፤ እስክትሞት አንዲት ጣቷ አልጎደለችም። ሰው ግን ሰው ነው፤ ፍርሃቷ ልክ ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ሰፊ ጋቢዋን በምታምጠው ሴት ጉልበት ላይ ትዘረጋለች፤ እኔ አጠገቧ እንበረከክና እጄን ከጋቢው ስር እሰዳለሁ። ጉልበቷን አንድ ጊዜ ከነካኋት ራስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከነካኋት እግር። እሷ በአፏ ታዋልዳለች፣ እኔ በእጄ። በጨለማ ቤት ከጋቢ ስር የማን እጅ እንዳለ ማን ያያል? ልጁ ሲወጣ እሷ ተቀብላ ታነሳዋለች፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ሴቶቹም እየተሻሙ የእሷን እጅ ይስማሉ። “እጅሽ ይባረክ ወለላ!” እኔ ከጀርባዋ ሆኜ እጄን እጠራርጋለሁ።

መጀመሪያ ኮራሁ። ምስጢር መያዝ ሰውን ያኮራል። ወራት ሲቆጠሩ ግን አንጀቴ ያር ጀመር።

“እትዬ፣ ቃሉን መቼ ነው የምትይልኝ?”

“ከመስቀል በኋላ።”

መስቀል አለፈ። “ከጥምቀት በኋላ” አለች። ያም አለፈ፤ ዓመቱም ዞሮ ሌላ ጥምቀት መጣ። ነገሩን ሳነሳባት እንዝርቷን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ወንድሜ አስጠራኝ። “ጫጫ ላይ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ አለ፤ አምስት ልጆች አሉት” አለኝ። “ልጅ የሌላት ሴት የሚበጃት ልጅ ያለው ባል ነው። ፋሲካ ይለፍና እሰጥሻለሁ።”

“እኔ እኮ ሥራ አለኝ፣ ገብሬ።”

“የምን ሥራ? ማን ጠርቶሽ ያውቃል?”

እኔን ጠርቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሌም የሚጠሩት ወለላን ነው። እስከ ፋሲካ በስሜ የሚጠራኝ አንድ ቤት ካላገኘሁ ጫጫ ሄጄ የሰው ልጅ አሳዳጊ መሆኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ እኔም እንደ እሷ ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

ያኔ ነው ሞኝነቴን የሠራሁት። የሚያውቀኝ በሌለበት አገር ደንቡም አይከተለኝም ብዬ፣ ለእትዬ ወለላ ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኳትና ደብረ ብርሃን ወጣሁ። በቅዳሜ ገበያ መሃል ወሯ የገባ የምትመስል ሴት ከአማቷ ጋር ገብስ ስትሸምት አየሁ። ተጠግቼ “እህቴ፣ አዋላጅ ነኝ። ምጥሽ ሲመጣ አስጠሪኝ፤ ሰንብቼ እጠብቅሻለሁ” አልኳት።

ልጅቷ ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች። አማቲቱ በመሃላችን ገባች።

“በስመ አብ! ማን ልኮሽ ነው? ማን ጠራሽ?”

“ማንም። ሥራ ፈልጌ ነው።”

“የምጥ ሥራ ፈልጋ! ሰማችሁ ወይ፣ ሰዎች?” አለችና የቆምኩበትን አፈር ዘግና ወደ እኔ በተነችው። “ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂ!”

ገበያው ሁሉ አየኝ። ጸጉሬ ላይ አፈሩ እንዳለ ወጣሁ። ጎረቤላ ስደርስ ወሬው እዚያው ገበያ በዋሉት ያገራችን እህል ነጋዴዎች አፍ ቀድሞኝ ገብቷል።

እትዬ ወለላ ከጓሮ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ ስትል ጠበቀችኝ። “ሥራ በእጅ ይለመናል እንጂ በአፍ ይለመናል?” ብላ ጮኸችብኝ። “ይህንን ነው ያስተማርኩሽ?”

“እጄንማ አንቺ ጋቢ ስር ደበቅሽው!” አልኳት። በሰባት ዓመት ውስጥ ድምፄን ከፍ ያደረግሁባት ያኔ ነው።

እንዝርቷ ቆመ። ጓሮ ገባች፤ እስኪመሽም አልወጣችም።

ሁዳዴ ገባ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ያሉ ትልልቅ ቤቶች አንድ በአንድ እየተነሱ ይከተሏቸው ነበር። ለእኛ ደግሞ ቤቶቹ በሄዱ ቁጥር የሚጠራን ይቀንሳል። ከቀሩት አንዱ የአንድ ትልቅ ሹም ቤት ነው፤ ምራቲቱ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ ነው የቆየው። የቤቱ ወይዘሮ፣ ምራታቸውን በሰላም ያዋለደች ሴት ከፋሲካ በኋላ አብራቸው እንጦጦ እንደምትወጣና ዕድሜ ልኳን ከቤቱ ቀለብ እንደሚቆረጥላት አስነግረዋል። እትዬ ወለላ ልጅም ዘመድም የላትም። እርጅናዋ ያለው እዚያ ቀለብ ላይ ነበር።

ጠሩን፤ ማለቴ፣ ጠሯት።

እልፍኙ በሴት ተሞልቷል። ጋቢው ተዘረጋ፤ እኔም ተንበረከክሁ። ገና ጣቴን ስሰድ ትንሽ ተረከዝ አገኘሁ። የእትዬ ወለላን ጉልበት ሁለት ጊዜ ነካሁ። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

“ልጁ በእግሩ ነው የመጣው” አለች ረጋ ብላ። “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ግፊ እስክልሽ ድረስ አትግፊ። ስለ በቅሎሽ ንገሪኝ፣ ማን ነው የሰጠሽ?”

ልጅቷ በጣር መሃል ስለ በቅሎዋ ተናገረች። እኔ ከጋቢው ስር እሷ ባስተማረችኝ መንገድ ሄድኩ፤ መጀመሪያ ዳሌው፣ ከዚያ አንዱ ክንድ፣ ሌላው ክንድ። ራሱ ላይ ሲደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እትዬ ወለላ “አሁን!” አለች፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ወጣ። ወንድ ነው። ትንሽ ዝም አለና ጮኸ።

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። እትዬ ወለላ ገና ልጁን ተቀብላ ሳታነሳው ሴቶቹ እጇን እየሳሙ አለቀሱ። ወይዘሮዋም ተጠግተው “ወለላ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነገር በኔ ነው። እንጦጦ ትወጫለሽ። ይቺንም ልጅ ዕቃሽን እንድትይዝልሽ አምጫት” አሏት።

እንጦጦም ጋቢ አለ አልኩ በሆዴ።

እትዬ ወለላ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጋቢውን ከላዬ ገፈፈችው። ልጁ ከነእትብቱ እጄ ላይ ነበር፤ እስከ ክርኔ ደም ነኝ። እሷ ሁለት እጇን ብርሃን ወዳለበት ዘረጋች። ደረቅ ነበሩ።

“እሜቴ፣ የኔ እጅ ይኸው” አለች። “ጣቶቼ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። ልጅዎን ያወጣችው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር የተወለደውን ሁሉ ያወጣችው እሷ ናት።” ምላጩን ከመቀነቷ ፈታ አቀበለችኝ። “ደርሳለች። ከእንግዲህ እሷን ጥሯት።”

አንዷ ቀስ ብላ “ቁምጥና ይሆን?” ስትል ሰማሁ። ቅድም እጇን የሳሙት ሴቶች ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

“ሁለት ዓመት ስታታልዪን ኖረሻል?” አሏት ወይዘሮዋ።

“አዎ፣ እሜቴ።”

“መካን ናት የሚሏትን ምራቴ ላይ አስገባሽብኝ?”

“ልጁ እያለቀሰ እኮ ነው። አይሰሙትም?”

ወይዘሮዋ ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ቁረጪ” አሉኝ፤ ቆረጥሁ።

ቀና ስል እትዬ ወለላ ወጥታለች። የሸኛት አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲያ እሷን የጠራ የለም፤ አሊዩ አምባ እንኳ ወሬው ከደረሰ በኋላ ተምሩን በደጅ ያቀብሏት ጀመር። እኔን ግን በዚያው ሳምንት ሦስት ቤት በስሜ ጠራኝ። ወንድሜም የጫጫውን ገበሬ ሽማግሌዎች መልሶ ሰደደ፤ ደግሞ “እህቴ እኮ አዋላጅ ናት” ብሎ!

እንጦጦ የወጣሁት እኔ ነኝ። ፋሲካ አልፎ ጓዙ ሲነሳ፣ እትዬ ወለላ ከአንኮበር መውጫ ላይ ጠበቀችኝ። ከጭነቱ ኋላ አብራኝ ትንሽ ሄደች። እንደ ልማዷ ትቀድመኝና ቆማ ትጠብቀኛለች።

“ለምን በዚያ ቀን ነገርሻቸው?” አልኳት። “ሁሉን ልታገኚ ደርሰሽ ነበር።”

“ፊትሽን አየሁት” አለች። “ልጁ እጅሽ ላይ ሆኖ እኔን ሲስሙኝ ፊትሽ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለመደችው አልኩ። ያ ነው ያስፈራኝ።”

ቆመችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

“አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ሴቶቹ ‘አስካለ ደረሰች ወይ?’ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ብዙዎቹ። እኔ ‘ገና ናት፤ እጇ አልበሰለም’ እያልኩ እመልሳቸው ነበር።”

“ደብረ ብርሃን አፈር ሲበተንብኝስ?”

“ከዚያም በኋላ።”

ፊቴን እያየች ምሕረት እንደምትጠብቅ ገብቶኛል። አስተማሪዬ ናት፤ ጉልበቷን ስሜ መለየት ነበረብኝ። እኔ ግን ነደድኩ። ያ ሁሉ ያልተኛሁት ሌሊት፣ ያ አፈር፣ ያ የወንድሜ “ማን ጠርቶሽ ያውቃል?” መጣብኝ። እጄን ከእጇ ውስጥ ስቤ አወጣሁና ደህና ሁኚ ሳልል ጓዙን ተከትዬ ሄድኩ።

ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ዞር ብዬ አየኋት። ቆማ በዓይኗ ትከተለኛለች። ሁለቱ እጆቿ እጄን ይዘው እንደነበረው እንደተገጣጠሙ ናቸው፤ አጥብቃ ይዛለች። ጣቶቿ እጄ መውጣቱን አላወቁም ነበር።

ጫኞቹ “ፈጠን በይ!” ብለው ጮሁብኝ፤ እኔም ተመልሼ አልነገርኳትም።